ከፌጦው በፊት ክትባቱ

ልጅ ሆኜ ዶሮዎቻችን ክንፋቸውን ጥለው ማንቀላፋት ሲጀምሩ እናቴ ፌጦ ትወቅጣለች። ነጭ ሽንኩርት ትጨምርበታለች፣ ሎሚ ትጨምቅበታለች፣ ከእንጀራ ጋር ለውሳ ታቀርብላቸዋለች። መብላት ያቃታትን አፏን ከፍታ ታጎርሳታለች። ዶሮዋን አቅፎ መያዝ የኔ ሥራ ነበር። አንዳንዷ ትድናለች። አብዛኞቹ ግን በሁለት በሦስት ቀን ያልቃሉ። «ፈንግል ገባ» ይባላል፣ ቆጡም ባዶውን ይቀራል።

ያው ውህድ ዛሬ በየስልኩ «የፈንግል ፍቱን መድኃኒት» እየተባለ ሲዞር ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፈንግልን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ሳይንሱ የኒውካስል በሽታ ይለዋል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 ከተከሰተባት የእንግሊዝ ከተማ ነው። አንዴ ለያዛት ዶሮ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። አንቲባዮቲክም ቫይረሱን አይነካውም። ነጭ ሽንኩርት በቤተ ሙከራ አንዳንድ ቫይረሶችን እንደሚያዳክም ታይቷል። ግን የቤተ ሙከራ ብልቃጥ ሌላ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ የያዛትና አንገቷ የተጠማዘዘ ዶሮ ሌላ። የዳነችውስ? ፌጦ ሳይቀምሱም የሚተርፉ ዶሮዎች አሉ። እነሱን ግን ማንም አይቆጥርም።

እኔን የሚያንገበግበኝ በመሃል የሚያልፈው ጊዜ ነው። ፌጦው እስኪሠራ ሲጠበቅ የታመመችው ከጤነኞቹ ጋር ታድራለች፣ ከአንድ ዕቃ ይጠጣሉ። ተስፋ ሲቆረጥ ደግሞ «ሳትሞት ትሸጥ» ተብሎ ወደ ገበያ ትሄዳለች። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ሰሞን በሽታው ከመንደር መንደር የሚጓዘው እንዲህ ነው።

ክትባቱ እኮ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። «አይ ቱ» የሚባለው ሙቀት ስለሚችል ለገጠር ይመቻል። አንድ ጠብታ ዓይኗ ላይ ነው፤ በየሦስት በአራት ወሩ ይደገማል። ለታመመች ግን አይሠራም፤ ቀድሞ መሰጠት አለበት።

ችግሩ የክትባቱ ብልቃጥ ነው። ለብዙ ዶሮ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፣ ከተበጠበጠ ደግሞ ቶሎ ማለቅ አለበት። ስድስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ምን ታድርገው? ስለዚህ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቀን ይቁረጥ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን፣ ከበዓሉ አንድ ወር ቀደም ብሎ ሌላ ቀን፣ በመሃሉም የመድገሚያው ወር ሲደርስ። ጎረቤት ዶሮውን ከቆጥ ሳያወርድ በማለዳ ይጠብቅ፣ ብልቃጡም ከቤት ቤት ይዙር። ገንዘቡን ለመሰብሰብ እድሩ አለ። ዕፅዋቱንም ተመራማሪዎቻችን በሥርዓት ይፈትሹልን፣ ውጤቱንም በአማርኛ ይንገሩን። እስከዚያው ግን ከገበያ የገዛናትን ዶሮ ከሌሎቹ ጋር ሳንቀላቅል ሁለት ሳምንት ለብቻዋ እናቆያት።