ካርዱ አንድ አይደለም፤ ዋጋውም አንድ አይሆንም

ሰሞኑን ብዙ ሰብሳቢ የሚጠቀምበት አንድ የመሰብሰቢያ ካርዶች (ፖኬሞን፣ ማጂክና የመሳሰሉት የጨዋታ ካርዶች) ዋጋ መከታተያ መተግበሪያ «ተሻሽያለሁ» ብሎ ብቅ ብሏል። ማሻሻያው ምን መሰላችሁ? እስካሁን እንግሊዝኛውን፣ ጃፓንኛውን፣ ኮሪያኛውን፣ ጀርመንኛውን ለየብቻ ያሳየን የነበረውን ዋጋ ጨፍልቆ «የገበያ ዋጋ» የሚል አንድ ቁጥር አደረገው። የቋንቋ ማጣሪያው የለም፤ ጠፍቷል። የተሰጠው ምክንያት ደግሞ ከውሳኔው የባሰ ነው። ሥዕሉ ያው ነው፣ ሰብሳቢ የሚገዛው ሥዕሉን ነው፣ ገበያውም ዓለም አቀፍ ስለሆነ በእትሞች መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ሄዶ መጥፋቱ አይቀርም፤ ይኸው ነው ምክንያታቸው።

ይህን የጻፈ ሰው ካርድ በእጁ ይዞ ያውቃል? እጠራጠራለሁ።

ከውሳኔው ይልቅ ያበሸቀኝ ግን ጭብጨባው ነው። «ድሮም ቋንቋ ሰበብ ነው» የሚሉ ቪዲዮ ሠሪዎች በየፊናቸው ተነሥተዋል። ማስረጃ አምጡ ሲባሉ የሚመዙት ደግሞ ሁሉም አንድ የፖኬሞን ካርድ ነው፤ ፒካቹ ኢላስትሬተር። አሜሪካዊው ዩቲዩበር ሎጋን ፖል በ2021 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) 4 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ ከፍሎ፣ በላዩ ላይ ደረጃው (መርማሪ ድርጅት ለካርዱ ይዞታ ከ10 የሚሰጠው ነጥብ) 9 የሆነ የዚያኑ ካርድ ቅጂ ጨምሮ፣ በድምሩ በ5.275 ሚሊዮን ዶላር የወሰደው ካርድ ጃፓንኛ ነው። እንግዲህ ጃፓንኛ ካርድ በዚህ ዋጋ ከተሸጠ ቋንቋ ለዋጋ ምንም አይደለም፤ የሙግታቸው መጀመሪያም መጨረሻም ይህ ነው።

ከምን ጋር አወዳድረውት ነው? የእንግሊዝኛ ፒካቹ ኢላስትሬተር የሚባል ነገር እኮ የለም! ካርዱ ኮሮኮሮ የተባለው የጃፓን መጽሔት በ1997 እና በ1998 ላካሄዳቸው የሥዕል ውድድሮች ሽልማት ሆኖ የተሰጠ ነው። በውድድሮቹ የታደለው 39 ብቻ ነው። በሌላ ቋንቋ አልታተመም፣ በሱቅ አልተሸጠም፣ ከፓኬት አልወጣም። ለብቻው የሮጠ የሚቀድመው የለም። አንድ እትም ብቻ ያለውን ካርድ ይዞ ስለ እትሞች ልዩነት ማስተማር ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረቱስ እንዳላቸው አይተናል። በዚህ አካሄድማ በ2023 የወጣችው፣ በዓለም ላይ አንዲት ብቻ የሆነችው፣ ማንም አፉን ባልፈታበት የምናብ ልሳን የታተመችው የማጂክ «ዘ ዋን ሪንግ» ካርድ በሚሊዮን ዶላሮች ስለተሸጠች ሁላችንም ወደዚያ ልሳን እንዙር ማለት ነው።

ይህን እዚህ ላይ ልተወውና ማንም ሊመልስልኝ ያልቻለውን ጥያቄ ላንሣ። ጥያቄዬ ስለ ጣልያንኛ ነው።

የማጂክ አሳታሚ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ1994 «ሪቫይዝድ» የተባለውን እትም በእንግሊዝኛ ሲያወጣ የካርዶቹ ጠርዝ ነጭ ነበር። በዚያን ጊዜ ልማድ ጥቁር ጠርዝ የመጀመሪያ ኅትመት ምልክት ነው፤ ነጭ ጠርዝ ደግሞ ካርዱ ድጋሚ የታተመ መሆኑን ይናገራል። ያው እትም ወደ ጣልያንኛ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ሲሻገር ግን በነዚያ ቋንቋዎች የመጀመሪያው ስለነበረ ቀድሞ የወጣው ኅትመት ጥቁር ጠርዝ ተሰጠው። አሁን ሰብሳቢ ሁሉ የሚያውቃቸውን ዱዋል ላንድ (በጨዋታው ሁለት ዓይነት ኃይል የሚሰጡ የመሬት) ካርዶች አስቡ፤ አንደርግራውንድ ሲ፣ ታንድራ፣ የመሳሰሉትን። በውድድር የሚፈቀድ፣ ጥቁር ጠርዝ ያለው ዱዋል ላንድ የሚገኘው በ1993ቱ አልፋና ቤታ (የጨዋታው የመጀመሪያ ሁለት ኅትመቶች)፣ ከዚያም በነዚህ ሦስት ቋንቋዎች ብቻ ነው። አሳታሚው ደግሞ እነዚህን ካርዶች ደግሜ አላትምም ብሎ ቃል ገብቷል። ውጤቱን ማንም ነጋዴ ይነግራችኋል፤ ጥቁር ጠርዝ ያለው ጣልያንኛ አንደርግራውንድ ሲ ከነጩ እንግሊዝኛ ይበልጣል። ያውም በደንብ ይበልጣል።

እሺ፣ ጣልያንኛ ውድ ነው ብለን መዝገብ ላይ እንጻፍ? ቆዩ። ያው አሳታሚ በ1995 «ሌጀንድስ»ን በጣልያንኛ አወጣ። እንግሊዝኛው ሌጀንድስ በ1994 ወጥቶ ገበያው ሳይጠግበው ያለቀ እትም ነው። ጣልያንኛው በአንጻሩ እንደ ልብ ተገኘ። ከእትሙ ካርዶች ዘ አቢስን ውሰዱ፣ ዘ ታበርናክልን ውሰዱ፤ ጣልያንኛው ከእንግሊዝኛው በብዙ ርካሽ ነው፣ ዓመታት አልፈውም ርካሽ ነው። ሥዕሉ ያው ነው። ጠርዙም በሁለቱም ጥቁር ነው። የጨዋታ ሕጉ አንዱን ከሌላው አይለይም፤ በማጂክ ውድድር በማንኛውም ቋንቋ የታተመ ካርድ ይዞ መቀመጥ ይቻላልና።

እንግዲህ አንድ ቋንቋ፣ አንድ አሳታሚ፣ ሁለት ተከታታይ ዓመታት። በአንደኛው ጣልያንኛው ከእንግሊዝኛው ይወደዳል፣ በሁለተኛው ይረክሳል። «የቋንቋ ልዩነት በጊዜ ይጠፋል» የሚለው ሰው ይህን እንዴት ያብራራዋል? ወደ የትኛው ይጥፋ? ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ሠላሳ ዓመት አልበቃውም? የሁለቱን አማካይ ወስዶ «የገበያ ዋጋ» የሚል ስም ሲለጥፍበት ደግሞ ማንም ገዝቶት፣ ማንም ሸጦት የማያውቅ ዋጋ ፈጠረ ማለት ነው። ነጩን እንግሊዝኛ ሪቫይዝድ ሊገዛ የመጣው ሰው ጥቁሩ ጣልያንኛ ያሳበጠውን ቁጥር አይቶ ከሚገባው በላይ ይከፍላል። እንግሊዝኛ ሌጀንድስ ያለው ሰው ደግሞ ጣልያንኛው ያወረደውን ቁጥር አምኖ ካርዱን በርካሽ ይሰጣል። በሁለቱም ጊዜ የሚከስረው አዲሱና የዋሁ ነው። የሚያተርፈውን እናውቀዋለን፤ ማጣሪያ ሳያስፈልገው ዋጋውን በቃሉ የሚያውቀው ነጋዴ ነው።

«ሥዕሉ ያው ነው» የሚለውም ቢሆን እውነት አይደለም። በ2019 የማጂክ እትም የሆነው «ዋር ኦፍ ዘ ስፓርክ» ሲወጣ ፕሌንስዎከር የተባሉት 36 የገጸ ባሕርይ ካርዶች በጃፓን ሠዓሊዎች ሌላ ሥዕል ተሠርቶላቸው በጃፓንኛ ፓኬቶች ብቻ ወጡ። ዮሺታካ አማኖ የሣላት ሊሊያና ከመካከላቸው ናት። የእንግሊዝኛውን ሳጥን በጅምላ ብትከፍቱ እሷን አታገኟትም። የአማኖ ሊሊያና በፎይል (በሚያብረቀርቀው ኅትመት) ስትሸጥ የኖረችበትን ዋጋና የተራዋን እንግሊዝኛ ሊሊያና ዋጋ አንድ መስመር ላይ ያስቀመጠ መተግበሪያ ዓይን የለውም ማለት ነው።

ወደ ፖኬሞን እንምጣ፤ ጨፍላቂዎቹ ይበልጥ የሚጮኹት እዚያ ነውና። ጨዋታው በጃፓን የተጀመረው በኦክቶበር 1996 ነው፣ እንግሊዝኛው የተከተለው በ1999 መጀመሪያ ላይ። ቻሪዛርድ የተባለውን ዝነኛ ካርድ በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን አስቀምጡ። በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ እትም ላይ ከሥዕሉ ሥር በስተግራ፣ «1» ያለበት ትንሽ ጥቁር ማህተም አለ። የሥዕሉ ፍሬም በቀኝ በኩል ጥላ የለውም። ጃፓንኛው ላይ ያንን ማህተም ብትፈልጉ አታገኙትም። የጃፓኑ የመጀመሪያ ኅትመት የሚታወቀው በጎደለው ነገር ነው፤ ከካርዱ ግርጌ በቀኝ ጥግ መኖር የነበረባት፣ ብርቅነቱን የምታመለክተው ኮከብ የለችበትም። ኮከቧ ካለች ካርዱ ከዚያ በኋላ የታተመ ነው፣ ዋጋውም ቁልቁል ይወርዳል። አሁን ጀርባቸውን ገልብጡ፤ የጃፓንኛው ካርድ ጀርባው ጭምር ከእንግሊዝኛው የተለየ ነው። ደረጃው 10 የሆነ የእንግሊዝኛ የመጀመሪያ እትም ቻሪዛርድ በማርች 2022 በ420,000 ዶላር ተሸጧል። ኮከብ ያለባትን ጃፓንኛ ከዚህ ጋር አስተያይቶ «ጃፓንኛ በዚህን ያህል መቶኛ ይረክሳል» የሚል ሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው ሁለት የማይገናኙ ኅትመቶችን ነው ያጋባው።

አዲሶቹ እትሞችስ? እነሱም ላይ ያው ነው። የጃፓንኛው ሳጥን በአብዛኛው 30 ፓኬት ይይዛል፣ በየፓኬቱ 5 ካርድ። እንግሊዝኛው 36 ፓኬት ነው፣ በየፓኬቱ 10 ካርድ። ከጃፓንኛው ሳጥን ቢያንስ አንድ ከፍ ያለ ብርቅ ካርድ እንደሚወጣ ገዢው አውቆ ነው የሚከፍለው፤ እንግሊዝኛው ላይ እንዲህ ያለ ዋስትና የለም፣ ሳጥን ሙሉ ከፍቶ ባዶ እጁን የሚቀር አለ። በዚያ ላይ የጃፓኑ ኅትመት አቆራረጡ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ ያልተፋቀ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ለደረጃ ሲላክ 10 የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። 10 የበዛበት እትም 10ሩ ይረክሳል። አስቂኙ ነገር ይህ ነው፤ የተሻለ የተሠራው ካርድ በደንብ ስለተሠራ ብቻ በርካሽ ይሸጣል፣ የተንጋደደው ኅትመት ደግሞ ሳይንጋደድ የተረፈው ጥቂት ስለሆነ ይወደዳል። ደረጃ ሰጪው ድርጅት ፒኤስኤ በፕላስቲክ አሽጎ «10» የጻፈባቸው ሁለት ካርዶች በቁጥር አንድ ቢሆኑም በብርቅነት ሩቅ ለሩቅ ናቸው።

የውድድር ሕጉንም መዝለል አይቻልም። በአሜሪካ ይፋዊ የፖኬሞን ውድድር ላይ በጃፓንኛ ካርድ መጫወት ክልክል ነው። ዩ-ጊ-ኦ የተባለው ሌላው የካርድ ጨዋታ ደግሞ ጭራሽ ሁለት ዓለም ነው፤ የእስያው ጨዋታና የምዕራቡ ጨዋታ የየራሳቸው የታገዱ ካርዶች ዝርዝር አላቸው፣ የአንዱ ካርድ በሌላው ውድድር አይገባም። ተጫዋች የሌለበት እትም ላይ የሚቀረው ፈላጊ ሰብሳቢው ብቻ ነው። የሰብሳቢው ፍላጎት ደግሞ እንደየአገሩ ነው። ሊሊ የተባለችው የፖኬሞን ገጸ ባሕርይ ያለችባቸውን ካርዶች ጃፓኖች ሲሻሙባቸው እንግሊዝኛዎቹ ያን ያህል አልተንቀሳቀሱም።

ስለ «አዝማሚያ» የሚያወሩትን ሰዎች ደግሞ የምንዛሪ ሰንጠረዥ ባሳያቸው ደስ ባለኝ። በ2021 መጀመሪያ አንድ ዶላር 104 የን ገደማ ነበር፤ በ2024 አጋማሽ 160 ደረሰ። በጃፓን 10,000 የን ሲሸጥ የነበረ ካርድ፣ እዚያው አገር ላይ አንዲት የን ሳይቀንስ፣ በዶላር ከ96 ወደ 62 ተኩል ወረደ ማለት ነው። መተግበሪያው ላይ የሚታየው ግን ከሠላሳ በመቶ በላይ የወደቀ ቀይ መስመር ነው። ይህን መስመር አይቶ «ጃፓንኛ አለቀለት» ብሎ ቪዲዮ የሠራ አለ። ያየው የማዕከላዊ ባንኮችን የወለድ ፖሊሲ ነበር፣ ስለ ካርድ መሰለው። አሁን ይህ የምንዛሪ መውረድ ከእንግሊዝኛው ጋር በአንድ ቁጥር ውስጥ ስለተቀበረ፣ የትኛው መውረድ የካርዱ እንደሆነ፣ የትኛው የየኑ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

የኅትመት ብዛትን በተመለከተ ፖኬሞን ካምፓኒ በማርች 2025 በተዘጋው አንድ የበጀት ዓመት ብቻ ከ10 ቢሊዮን በላይ ካርድ ማሳተሙን አሳውቋል። ይህ የሁሉም ቋንቋዎች ድምር ነው፤ ከዚያ ውስጥ ኮሪያኛው ስንት፣ በ2022 የተጀመረው ቀላል ቻይንኛ ስንት እንደሆነ ከድምሩ አይታወቅም። አቅርቦቱን በቀጥታ ማየት ለማንችል ለእኛ የየቋንቋው ዋጋ ብቸኛው መስኮት ነበር። እሱኑ ነው የዘጉብን።

አንድ ነገር አምናለሁ። በየፓኬቱ ለሚሞሉት፣ አሥር ሳንቲም ለማያወጡት ተራ ካርዶች የቋንቋ ማጣሪያ ትርፍ ነው፤ ማንም አይጎዳም። ነገር ግን ለነዚያ ካርዶች መተግበሪያ የሚከፍት ማን አለ?

«ይጠፋል» ስለተባለው ልዩነት ደግሞ ይህን ልጠይቅ። ማጂክ በሩሲያኛና በኮሪያኛ መታተሙ ቆሟል። ሲታተምም ብዙ አልነበረም፤ የሩሲያኛና የኮሪያኛ ፎይሎች ገና ሲወጡ ጀምሮ ከእንግሊዝኛው ተለይተው የሚፈለጉት ለዚህ ነው። የእንግሊዝኛው ካርድ ነገም፣ ከነገ ወዲያም በአዲስ እትም ሊታተም ይችላል፤ የሩሲያኛው ፎይል ቁጥር ግን ዛሬ ካለው በላይ አይሆንም፣ እየጠፋና እየተበላሸ ይቀንሳል እንጂ። አንዱ ወገን እየበዛ፣ ሌላው እየተመናመነ ዋጋቸው የት ቦታ ላይ ነው የሚገናኘው? መልስ ያለው ይጻፍልኝ። እስከዚያው ግን የቋንቋ ማጣሪያውን መልሱልን፤ ከሱ ጎን የኅትመት ማጣሪያ ብትጨምሩበት ደግሞ ያን ጊዜ «ተሻሽያለሁ» ማለት ትችላላችሁ።