መርፌ የያዘ ሁሉ በሽታ አላጠፋም

ባለፈው ሳምንት ስለ እንስሳት ጤና በጀት በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ ሦስት ነገሮችን ተናገሩ። የእንስሳት ሕክምና መምህራን ከከብቱ ይልቅ ወረቀቱን ይወዳሉ አሉ። አገሪቱ የጎደላት ክትባት ሰጪ እንጂ ተመራማሪ አይደለም አሉ። ክትባቱ ደግሞ ገንዘብ እስካለ ድረስ ከውጭ ተገዝቶ ይመጣል አሉ። ማሳረጊያቸው፣ ላም ለመውጋት ፕሮፌሰር አያስፈልግም የሚል ቀልድ ነበር። አዳራሹ ሳቀ። ከሳቁት መካከል በዚሁ ሙያ ተመርቀው ቆብ የጫኑ ሰዎች እንደነበሩም ሰምቻለሁ። ለከብት በሽታ ምርምር የሚመደበው ገንዘብ ወደ ክትባት ዘመቻ ይዛወር የሚለው ሐሳብም በዚያው ሳቅ ታጅቦ አለፈ።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ከሦስቱም የሚያሳፍረው እርሱ ነውና። ክትባት ይገዛል። እሺ፣ የትኛው ይገዛል? አፍተግር የምንለው የአፍና የእግር በሽታ ሰባት ዓይነት ቫይረስ አለው፤ ለአንዱ የተሠራ ክትባት ከሌላው አያድንም። በእኛ አገር ኦ፣ ኤ፣ ሳት 1 እና ሳት 2 የሚባሉት ሲዘዋወሩ ተገኝተዋል። በአንዱ ዓይነት ውስጥ ያሉት ዝርያዎች እንኳ ስለሚለያዩ የትናንቱ ክትባት የዛሬውን ወረርሽኝ ላይመክት ይችላል። ታዲያ ቦረና ውስጥ የተነሣው የትኛው እንደሆነ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላሞችን የሚያሰቃየው የትኛው እንደሆነ፣ ከላሟ አፍ ቁስል ናሙና ወስዶ፣ ሰበታ ወዳለው ላቦራቶሪ አድርሶ፣ ቫይረሱን ለይቶ የሚነግረን ማን ነው? ሻጩ? ሻጩማ ያለውን ይሸጣል። በሽታውን ለይቶ የማያውቅ ገዢ የሚገዛው ብልቃጥ ነው።

ወረቀት ስለተባለው ደግሞ አንድ ወረቀት ላስታውሳቸው። የጉርብርብ በሽታ የከብቱን ቆዳ በእብጠት ይሞላል፣ ወተቱን ያደርቃል፣ ቆዳውንም ለፋብሪካ የማይረባ ያደርገዋል። ለዚህ በሽታ አገራችን ለዓመታት የተጠቀመችው ኬንያ ውስጥ ከበግ ከተገኘ ቫይረስ የተሠራ ክትባት ነበር። የተከተበው ከብት መልሶ ይታመማል የሚል አቤቱታ ከየቦታው ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ እዚሁ አገር ውስጥ የተሠራ ጥናት ሦስት ክትባቶችን ጎን ለጎን ፈተነ። ሁለቱ ከብቶቹን ሳይከልሉ ቀሩ፤ ስንጠቀምበት የኖርነው ከሁለቱ አንዱ ነው። የከለለው ከፍየል ፈንጣጣ ቫይረስ የተሠራው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፤ የኃላፊው ክትባት ሰጪ በዚያ ሁሉ ዓመት ሥራውን አልበደለም። በረቱ ድረስ ሄዷል፣ ወግቷል፣ በመዝገቡ ላይ ቁጥር ጽፏል። ሪፖርቱም አምሮ ወጥቷል። መርፌው ውስጥ ያለው ግን አይሠራም ነበር። ይህን ያወቅነው ከዘመቻ ሪፖርት አይደለም፤ ከዚያ ከተሳቀበት ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ደስታ በሽታ፣ ፈረንጆች ሪንደርፔስት ወደሚሉት የከብት ወረርሽኝ ልምጣ። ኃላፊው ራሳቸው የዘመቻን ጥቅም ለማሳየት የጠቀሱት እርሱን ስለሆነ ልለፈው አልችልም። ክፉ ቀንን የማያውቅ አንባቢ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው በሽታ በሬውን ጨረሰ፤ በሬው ሲያልቅ ማረሻው ቆመ፤ ማረሻው ሲቆም ሕዝብ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክ ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት የቆፈሩበት ዘመን ነው። ያ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ታውጇል። የሰው ልጅ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው፤ ከእንስሳት በሽታዎችማ እስካሁን ብቸኛው። ማን አጠፋው ቢባል የኃላፊው መልስ ክትባት ሰጪው ነው።

ክትባት ሰጪው በመርፌው የያዘው ምን ነበር?

ዋልተር ፕሎራይት የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ሊንከንሻየር ውስጥ ተወለደ፣ በ1944 ለንደን ከሚገኘው የሮያል የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ፣ በ1950 ወደ ኬንያ መጣ። ታላቁን ሥራውን የሠራው ከናይሮቢ ወጣ ብላ በምትገኘው ሙጉጋ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የእንስሳት ሕክምና ምርምር ድርጅት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ለደስታ በሽታ ክትባት አልነበረም ማለት አይደለም። በፍየል ተላምዶ የተዳከመ ቫይረስ ነበር፤ አንዳንዱን የከብት ዝርያ ግን ክትባቱ ራሱ ያሳምመው፣ ሲብስም ይገድለው ነበር። በጥንቸል የተዳከመም ነበር፤ ለሚሊዮኖች የሚበቃ መጠን ማምረቱ ግን አስቸጋሪ ነበር።

ፕሎራይትና ባልደረባው ፌሪስ የጥጃ ኩላሊት ሕዋሳትን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አራቡ። የደስታን ቫይረስ በላያቸው አደረጉ። ቫይረሱ ሲራባ ወደ አዲስ ሕዋስ አዛወሩት። ከዚያ እንደገና። ከዚያም እንደገና። ከ90 ጊዜ በላይ! ቫይረሱ ከብት የመግደል ኃይሉን እስኪተው፣ ከብት የመከለል ኃይሉን ግን እንዳይጥል መጠበቅ ነበረባቸው። እየመላለሱም በከብት ላይ ፈተኑት። ያሳምማል ወይ? ወደ ጎረቤት ከብት ይተላለፋል ወይ? የሚከልለውስ ለስንት ዓመት ነው? የዛሬው በጀት ቀናሽ በእነዚያ ዓመታት ሙጉጋ ቢሄድ ኖሮ የሚያየው ነጭ ካፖርት ለብሶ ብርጭቆ ለብርጭቆ የሚያገላብጥ ሰው ነው። ስንት ከብት ከተብህ? ምንም። ስንት ወረዳ ደረስህ? አንድም። እንግዲያው ይዘጋ!

አልተዘጋም። ስላልተዘጋም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ርካሽ፣ ለየትኛውም የከብት ዝርያ የማያሰጋ፣ አንድ ጊዜ ተወግቶ ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ክትባት እጅ ገባ። ፕሎራይት በዚህ መካከል ሌላም ሠርቷል፤ የማሳይ አርብቶ አደር ከጥንት ጀምሮ የሚናገረውን፣ ከብት ከዱር እንስሳው ዊልደቢስት በሽታ እንደሚይዘው፣ ቫይረሱን ለይቶ አረጋግጧል። በ1971 ወደ ተማረበት ኮሌጅ ተመልሶ ፕሮፌሰር ሆነ። አዎ፣ በአዳራሹ የተሳቀበት ያ ማዕረግ። በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጠው። በ2010 ሲሞት የደስታ መጥፋት ሊታወጅ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ቀርቶት ነበር።

ክትባቱ ከተገኘ በኋላስ መውጋት ብቻ አይበቃም ነበር ወይ የሚል ይኖራል። ተሞክሯል እኮ! እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1976 የጋራ ፕሮጀክት 15 የተባለ ዘመቻ በ22 የአፍሪካ አገሮች ተካሂዷል፤ እኛም ነበርንበት። ለቁጥር የሚታክት ከብት ተወጋ። በሽታው ከዓይን ጠፋ። ዘመቻው ተጠናቀቀ ተባለ፣ ገንዘቡ ቆመ፣ ክትትሉ ላላ። ደስታ ግን በማሊና በሞሪታኒያ ድንበር፣ በሱዳንና በእኛም ቆላዎች አድብቶ ቀርቶ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ አፍሪካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አዳረሰ፤ ናይጄሪያ ውስጥ ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ከብት ፈጀ። የአሥራ አራት ዓመት መርፌ! የጎደለው መርፌ አልነበረም። በሽታው የት እንደተደበቀ የሚያውቅ፣ ባይታይም ፈልጉት የሚል ሰው ነው የጎደለው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁለተኛው ዙር ዘመቻ የተለየው በደም ምርመራ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በፐርብራይት ላቦራቶሪ የተሠራ መመርመሪያ የተከተበው ከብት በእርግጥ መከላከያ ማበጀት አለማበጀቱን በቀላሉ ያሳይ ጀመር። ከዚያ በኋላ ስንት ከብት ተወጋ የሚለው ጥያቄ ቀርቶ ስንቱ ተከለለ የሚለው መጣ። በአገራችን ደግሞ የወረርሽኙን መንገድ ያጠኑ ባለሙያዎች በሽታው ዓመት ከዓመት የሚኖረው በቆላው አርብቶ አደር አካባቢ፣ በተለይም በአፋር እንደሆነ፣ ደጋው የሚያዘው ከዚያ በሚወጣ ከብት እንደሆነ ደረሱበት። መፍትሔያቸው ምን ነበር? ደጋው ላይ ይካሄድ የነበረውን የጅምላ ክትባት ማቆምና ኃይሉን ሁሉ በሽታው ቤቱን በሠራበት ቦታ ላይ ማዋል። በሽታ ለማጥፋት ክትባት ማቆም! ይህን ለዘመቻ አለቃ ብትነግሩት ያስራችኋል።

አፋር ላይ ደግሞ የሙቀት ችግር ነበር። የፕሎራይት ክትባት ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ቶሎ ይበላሻል፤ ማቀዝቀዣ የተጫነበት መኪና በዚያ በረሃ የትም አይደርስም። ጄፍሪ ማሪነር የተባለ የእንስሳት ሐኪም በአሜሪካው ታፍትስ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የዚያኑ ክትባት የማድረቂያ ዘዴ ለወጠና በ37 ዲግሪ ሙቀት አንድ ወር ያህል የሚቆይ አደረገው። ከዚያ በኋላ ነው የአፋር ልጆች ሠልጥነው፣ ብልቃጡን በኮሮጆ ይዘው፣ በእግራቸው ከብቱ ወዳለበት የደረሱት። እ.ኤ.አ. ከ1995 በኋላ ደስታ በኢትዮጵያ አልታየም።

እዚህ ላይ ለኃላፊው አንድ ነገር ልስጥ፤ የመጨረሻውን መንገድ የሄደው አርብቶ አደሩ ነው፤ ያለ እርሱ ዛሬም ከበሽታው ጋር በኖርን ነበር። ክብር ይገባዋል፤ ደመወዝም ይገባው ነበር። ነገር ግን በኮሮጆው የያዘው ብልቃጥ የአርባ ዓመት ያህል የዩኒቨርሲቲና የላቦራቶሪ ሥራ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብሎ ማስጨነቅ ምን የሚሉት አስተዳደር ነው?

የእኛዎቹስ ፕሎራይት ናቸው ወይ የሚል ጥያቄ እንደሚከተል አውቃለሁ። ለዕድገት ብቻ የሚጽፍ፣ በረት ከረገጠ ዓመታት ያለፉት መምህር አለ። ይኑር፤ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው እንዲህ ያለ ሰው የሌለው? የቢሾፍቱው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲቋቋም በዚህ ሙያ ዶክተር ለመባል ባሕር ማዶ መሻገር ግድ ነበር። ዛሬ ከጎንደር እስከ ሐረማያ፣ ከጅማ እስከ መቀሌ ይመረቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይንስ በተባለው የዓለም ታላቅ መጽሔት ላይ የወጣው የከብት ሳንባ ነቀርሳ ጥናት የተካሄደው እዚሁ፣ በእኛ ጥጆች ላይ፣ የእኛ መምህራን ባሉበት ነው። ለሕፃናት የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ለጥጆች ሲሰጥ የበሽታውን መዛመት በ89 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። ይህን የሠራው ሰው የሚኖረው እንዴት ነው? ጠዋት ያስተምራል፤ ከሰዓት የደም ናሙና የያዘ ሳጥን ተሸክሞ መብራት እንዳይጠፋ ይለምናል፤ መመርመሪያ ኬሚካሉን ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይጠብቃል፤ ደመወዙ ደግሞ ከወር ወር አያደርሰውም። በዚህ ላይ ቀልድ ይጨመርለት?

ኃላፊው ጊዜ ካላቸው ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢነዱ ቢሾፍቱ ይደርሳሉ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለእኛም ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ክትባት የሚያመርት ተቋም አለ። እርሳቸው ከውጭ ይመጣል የሚሉት ለሌላው አፍሪካ ከእኛ ይሄዳል ማለት ነው። እዚያው ከተማ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል አለ፤ የአህጉሪቱ አገሮች ያስረከቡት የደስታ ቫይረስ የሚጠበቀው በዚህ ማዕከል ነው። አንድ ቀን ያ በሽታ ከየትም ቢነሣ፣ አፍሪካ በመጀመሪያ የምትደውለው ለእነማን ይመስላቸዋል?

የንግዱን ነገር በአጭሩ ልንካው። እ.ኤ.አ. በ2000 የሪፍት ቫሊ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲነሣ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደው የቁም እንስሳ ታገደ፤ ጦሱን አርብቶ አደሩ ለዓመታት ተሸከመ። እንዲህ ያለ እገዳ የሚነሣው ገዢው አገር የሚያምነው ላቦራቶሪና የሚያምነው ፊርማ ሲኖር ነው። ብዙ ወግተናል ብሎ በር ያስከፈተ አገር አላውቅም።

አሁን ደግሞ ደስታ መሰል የበግና የፍየል በሽታን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከምድር ለማጥፋት በተያዘው ዓለም አቀፍ ዕቅድ ውስጥ አለንበት። ነጻ ሆናችኋል የሚለው ማረጋገጫ የሚሰጠው ክትባት ቆሞ፣ ከየወረዳው ደም ተሰብስቦ፣ ቫይረሱ አለመኖሩ በምርመራ ሲታይ ነው። የበጀት ማዛወሩ ሐሳብ ከጸደቀ ያንን ደም ማን እንደሚሰበስበው፣ የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚመረምረው፣ በውጤቱ ሥር የማን ፊርማ እንደሚያርፍ ኃላፊው ከወዲሁ በጽሑፍ ያሳውቁን። ቀልዱን ሰምተናል።