የምስጢር ፊርማ የት ድረስ ያስራል?

ጅማ ላይ በቡና ማበጠሪያ፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ በሆቴል ወይም በግል ክሊኒክ የሚቀጠር ሰው ከሥራ ውሉ ጋር የምስጢር መጠበቂያ ቅጽ ሊቀርብለት ይችላል። «ስለ ድርጅቱ ማንኛውንም መረጃ ለማንም አልናገርም» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለበት፣ ፈራሚው አፉ በሕግ የተለጎመ ይመስለዋል። አልተለጎመም።

ድርጅት የሚጠብቀው እውነተኛ ምስጢር አለው። የቡና ላኪ የገዢዎቹ ዝርዝር፣ የድርድር ዋጋውና የቅምሻ ውጤቱ ለተፎካካሪ ቢሾልክ ይጎዳል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም የሌላን ነጋዴ መረጃ ያለ ፈቃዱ መግለጥን ይከለክላል። የታካሚ ጉዳይማ ከማንኛውም ቅጽ በፊት የሙያ ምስጢር ነው። ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ሥራ ወይም መከለያ የሌለው ማሽን ግን በምንም ሚዛን የንግድ ምስጢር ሊባል አይገባም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ከሕጉ ያነሰ መብት እንዳይሰጥ ይከለክላል። አንቀጽ 26 በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ወይም በክስ ሂደት መሳተፍ ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። በደኅንነት ጉዳይ ደግሞ ሕጉ መናገርን ግዴታ አድርጎታል፦ ሠራተኛው አደገኛ ጉድለት ሲያይ ለአሠሪው ያሳውቃል፤ አሠሪውም የደረሰን አደጋ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያሳውቃል። ሕግ ተናገር ያለውን ውል ዝም በል ቢል፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1716 መሠረት ሕገወጥ ግዴታ የያዘ ውል ውጤት የለውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ «ደመወዝህን ለማንም አትንገር» የሚለው ነው። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚኖር ቢያነሣም በቁጥር ያስቀመጠው ወለል የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ቡና የምትለቅም ሴት አብሯት የሚሠራው ወንድ ስንት እንደሚከፈለው መጠየቅ ካልቻለች ይህን መብት በምን ታስከብረዋለች?

አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ የሚበላሸው በአካሄድ ነው። አንቀጽ 26 የሚያነሣው ቅሬታንና ክስን ነው፤ ስለ ፌስቡክና ቲክቶክ የሚለው ነገር የለም። መጀመሪያ እዚያ የወጣ ሰው በስም ማጥፋት ሊከሰስ፣ ጥበቃውም ሊያከራክር ይችላል። ስለዚህ ቅሬታው መጀመሪያ ለአሠሪው በጽሑፍ፣ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ በአንዱ ላይ የተቀባዩ ፊርማና ቀን ይስፈር። ቀጥሎ ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ ከዚያም ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ። የራስ የደመወዝ ወረቀትና የሥራ ሰዓት መዝገብ ይያያዝ፤ የደንበኛ ስምና የታካሚ ካርድ አይነካ። የድርጅቱን ሰነድ ዋናውን ይዞ መውጣት ያለ ፈቃድ ንብረት ማውጣት ተብሎ ራሱን የቻለ የስንብት ምክንያት ይሆናል።

ከተባረሩ በኋላ ሽማግሌ እየላኩ ወራትን ማሳለፍ ብዙ ያስከፍላል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ ብቻ፣ ይታገዳል። በአንቀጽ 26 የተከለከለ ስንብት ከተረጋገጠ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ ይመልሳል፤ መመለስ ያልፈለገ ካሳ ይጠይቃል። ቅጹ የደመወዝ ቅጣት ቢጽፍም ቅነሳው በዚሁ የሠራተኛ አዋጅ አንቀጽ 59 ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። የመንግሥት ሠራተኞችና የሥራ መሪዎች ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ የራሳቸውን ሕግ ይመልከቱ።

ሕጉም የሚታረም ክፍተት አለው። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 በ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች የተሠራ ነው። የጠፋ ጓንት ወይም የተሰረቀ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የጠቆመች ሠራተኛ እዚያ ቦታ የላትም። ጥበቃው እሷን እንዲያካትት መሻሻል አለበት።

አሠሪዎች ግን ሕግ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ቅጹ ምስጢር የሚለውን በዝርዝር ይጻፍ፣ ጊዜ ይገደብለት፣ ቅጂው ለሠራተኛው ይሰጥ፣ በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ። አንድ ዐረፍተ ነገርም ይጨመርበት፦ «ይህ ውል ስለ ደመወዝ፣ ስለ ደኅንነትና ስለ ሕግ ጥሰት ለሥራ ባልደረባ፣ ለማኅበር፣ ለተቆጣጣሪ ወይም ለፍርድ ቤት መናገርን አይከለክልም።»