የወይን ጠጅ ነጋዴዎቹ አጥር

ወንድሜ ባለፈው ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። "አጥሩ ላይ አንድ ሜትር እንጨምር፣ ከላይም እሾሃማ ሽቦ ይዙርበት" አለ። ምን ልበል? ላክሁለት።

በዚያው ሳምንት ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት የሚኖሩ ጓደኞቼን ልጠይቅ ሄጄ ቤላሂ የምትባል መንደር ወሰዱኝ። ከቤልፋስት በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። መንደሯ ዳር ላይ አጥር ግቢ ያለው አሮጌ ቤት አለ። ማዕዘኑ ላይ ክብ ግንብ ቆሟል። ወደ ግድግዳው የተጠጋ ሰው ላይ ከዚያ ሆነው ይተኩሱበት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ1609 ጀምሮ የእንግሊዙ ንጉሥ የአየርላንዶችን መሬት ነጥቆ ለሰፋሪ አደለ። ይህ አካባቢ የደረሰው ለማን መሰላችሁ? ለለንደን የወይን ጠጅ ነጋዴዎች ማኅበር! ወኪላቸው ባፕቲስት ጆንስ በ1619 ገደማ ይህን ቤት አሠራ። ሰፋሪዎቹ ደግሞ መንገዱን ይዘው ቤታቸውን አጠገቡ ኮለኮሉ። ክፉ ቀን ሲመጣ ሮጦ መግቢያ ነው። ቀኑም አልቀረም፤ በ1641 የአየርላንዶቹ አመፅ ፈነዳ።

እንዲህ ያለውን ግቢ "ባውን" ይሉታል። ቃሉ የአየርላንዶቹ የራሳቸው ነው፣ የከብት በረት እንደማለት። መሬቱንም ቃሉንም ወሰዱ በሉት።

ሕጉ ነባሩን ሰው አስወጡ ይል ነበር። ነጋዴ ግን ነጋዴ ነው። አየርላንዶቹ ከፍ ያለ ኪራይ ይከፍላሉ፣ ስለዚህ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። የሚፈሩትን ሰው ጭሰኛ አድርገው፣ እሱኑ እየፈሩ በግንብ ውስጥ ማደር! (እኛም ጋ "ከተማ" ማለት ድሮ የጦር ሰፈር ነበር። ማን በማን ላይ እንደከተመ ዛሬ አልገባበትም፣ የያዝኩት የአጥር ነገር ነው።)

ያናደደኝ ሌላ ነው። እኔ እንግሊዝ ውስጥ የምኖርበት ሰፈር አጥሩ ጉልበቴ አይደርስም። ፖስተኛው ዕቃዬን በር ላይ ጥሎት ይሄዳል፣ ማታ ስመለስ አገኘዋለሁ። ቤልፋስት ውስጥ ሰፈር ከሰፈር የሚለይ ግንብ ዛሬም መኖሩን አይቻለሁ፣ ገነት ናት አልልም። ግን የቤላሂዎቹ ሰፋሪዎች በሰው አገር ስለሰፈሩ አጠሩ። እኔስ? አባቴ በሠራው ቤት፣ በተወለድኩበት ሰፈር፣ ማንን ነው የምፈራው?

ወንድሜ ትናንት ፎቶ ላከ። ግንቡ አልቋል። አናቱ ላይ የተሰበረ የቢራ ጠርሙስ በሲሚንቶ ተተክሏል፣ በላዩ ሽቦው ተጠምጥሟል። ድሮ እዚያ ቦታ የቁልቋል አጥር ነበር፣ መሀሉ ላይ ሽንቁር ያለው። እትዬ ጎረቤታችን ቡና ሲፈላ በዚያች ሽንቁር ነበር ብቅ የሚሉት፣ ነጠላቸው እሾህ እየያዘው።

"አሁን በየት ይመጣሉ?" አልኩት።

"በዋናው በር ነዋ! ያንኳኳሉ፣ ዘበኛው 'ማን ልበል?' ይላቸዋል።"