የአጥንት መርፌ «ሁለቴ ከተወጉ ይበቃል» ለምትሉ

ሐዋሳ ላሉት እናቱ ስለ ዴኖሱማብ፣ ማለትም ስለ አጥንት መሳሳት መርፌ፣ የጠየቀውን ወንድማችንን፣ ብዙዎቻችሁ «ሁለት ዙር ከተወጉ ይበቃል፣ አጥንቱ አንዴ ጠንክሯል» ብላችሁታል። ይቅርታ፣ ይሄ ልክ አይደለም። መርፌው በየ6 ወሩ 60 ሚሊግራም ከቆዳ ስር ይሰጣል። አጥንት የሚያሟሙትን ሴሎች የሚገታው መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ እስካለ ብቻ ነው። ሲቋረጥ ሴሎቹ ከበፊቱ ብሰው ይነሳሉ፣ የተገኘው ጥንካሬ ቶሎ ይሟጠጣል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ሳይወድቅ፣ ጎንበስ ባለበት እንኳ፣ አከርካሪው ከአንድም ሁለት ሦስት ቦታ ሊሰበር ይችላል። ካልሲየም ብቻውን ይሄን አያስቆምም። ማቆም ካስፈለገ ሐኪሙ እንደ ዞሌድሮኒክ አሲድ ወይም አሌንድሮኔት ባለ መድኃኒት ይተካዋል። ካላመናችሁኝ ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አንብቡ፣ ማስጠንቀቂያው አለ። አንተም የማዘርን ካርድ አውጣና የመጨረሻውን ቀን እይ፤ 6 ወር ካለፈው ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪማቸው ጋ ደውል።