ውዳሴ ዘ«አሳስቦናል»

ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ የሚሉት ሰውዬ ለቅሶ አይቀርም። ሐሜቱ እንዳለ ሆኖ ይህን መመስከር ይገባል። መርዶው በተሰማ ማግስት ጥቁር ከረባቱን አስሮ ድንኳኑ በር ላይ ይደርሳል፤ «በእጅጉ አሳስቦናል» ይላል፤ ንፍሮውን ቆርጠም ቆርጠም አድርጎ ሰዓቱን ያይና ይነሳል። ሟች የተባለችው ገና በሕይወት መኖሯ፣ ይባስ ብሎም ከጓዳ ሆና «ኧረ በሩን ክፈቱልኝ!» እያለች መጮኋ ሥርዓቱን አያውከውም። ለቅሶ ለቅሶ ነው።

የሙያውን ልክ ማየት የፈለገ አፍጋኒስታንን ይመልከት። ታሊባን ኦገስት 15 ቀን 2021 (ዘመኑ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው) ካቡልን ከያዘ ወዲህ ሴቶች ያልተከለከሉትን ነገር ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። መግለጫ ያልወጣበት ክልከላ ማግኘት ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ላይ ላዩን ለሚያየው መግለጫ ማውጣት የጸሐፊ ሥራ ይመስላል። ጥበቡ ያለው ግን ግሡ ላይ ነው። ግሥ እንደ ደሞዝ እርከን ነው፤ ዝም ብሎ አይዘለልም። ለምሳሌ ማርች 23 ቀን 2022 ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያሉ ልጃገረዶች «ትምህርት ቤት ተከፍቷል» ተብለው ማለዳ ተነሡ፤ ክፍል ገቡ፤ ጥቂት ሰዓት ሳይቆዩ «ወደ ቤታችሁ» ተባሉ። ቦርሳቸውን ታቅፈው ሲያለቅሱ ካሜራ ቀረጻቸው። የተሰጠው ምክንያት በእስልምና ሕግና በአፍጋን ባህል መሠረት ዕቅድ እስኪወጣ የሚል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በአራተኛው ቀን «ጥልቅ ስጋቱን» ገለጸ። በሜይ 7 ሴት ፊቷን ሸፍና ትውጣ፣ ባትሸፍን አባቷ ወይም ወንድሟ ወይም ባሏ ይጠየቅ የሚል ትእዛዝ መጣ። ምክር ቤቱ በሜይ 24 አሁንም ያንኑ «ጥልቅ ስጋት» ገለጸ፤ እርከን አልተጨመረም። በዲሴምበር 20 ዩኒቨርሲቲ ተዘጋባቸው፤ በ24 በእርዳታ ድርጅት መሥራት ተከለከሉ። ያን ጊዜ፣ በዲሴምበር 27፣ ምክር ቤቱ «ክፉኛ ደነገጠ»። ከመስጋት እስከ መደንገጥ ድፍን ዘጠኝ ወር። ቃሏ ተረግዛ፣ ወሯ ገብቶ፣ ምክር ቤቱ በሰላም ተገላገለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው እርከን ማውገዝ ነው፤ እሱም በኤፕሪል 2023 ተደረሰ። ታሊባን ለራሱ ለተባበሩት መንግሥታት የሚሠሩ አፍጋን ሴቶችን ከቢሮ ሲያስቀር ነገሩ ቤት ገባ። ኤፕሪል 27 የጸጥታው ምክር ቤት ቁጥር 2681 የተባለውን ውሳኔ በ15 ለ0 አጸደቀ፤ ከ90 በላይ አገሮችም ስማቸውን አኑረውበታል። ሩሲያና አሜሪካ በአንድ ወረቀት ላይ እጃቸውን ሲያወጡ ማየት በራሱ የዓመቱ ወግ ነው። ውሳኔው ታሊባን ክልከላውን «በአስቸኳይ» እንዲሽር ይጠይቃል። ቀን አልተቆረጠለትም። «ካልሆነ ግን» የሚል ቃል የለበትም። ገንዘብ አበድሮ የሚያውቅ ሰው «መልስልኝ» እና «እስከ አርብ መልስልኝ» መካከል ያለውን ልዩነት ያውቃል፤ «እስከ አርብ ካልመለስክ ዋስህን እይዛለሁ» ደግሞ ሌላ ነው። 2681 የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ሴቶቹም እቤታቸው ቀሩ።

እዚህ ላይ ተቺዎች «ማዕቀብ የለም ወይ?» ይላሉ። ኧረ አለ! በጁን 2022 የጸጥታው ምክር ቤት የማዕቀብ ኮሚቴ ክንዱን አሳይቷል። የጉዞ እገዳ ተነሥቶላቸው ውጭ አገር ይመላለሱ ከነበሩት 15 የታሊባን ሹማምንት ሁለቱ፣ በትምህርት ጉዳይ ላይ ያሉት፣ ፈቃዳቸው ተነጠቀ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ቀሩ፤ ሁለቱ ሰዎች አውሮፕላን ቀረባቸው፤ ሒሳቡ ተወራረደ። የቀሩት 13ቱ መንገዳቸውን ቀጠሉ። በኦገስት አባላቱ ማራዘሙ ላይ ስላልተስማሙ የሁሉም ፈቃድ አበቃ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ እየተጠየቀ ይፈቀዳል። በኦክቶበር 2025 የታሊባን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኒው ዴልሂ የገቡት በዚሁ ፈቃድ ነው። የመጀመሪያው ጋዜጣዊ ጉባኤያቸው ላይ አንዲትም ሴት ጋዜጠኛ አልተጠራችም። የሕንድ ጋዜጠኞች ሲጮኹ ግን በሁለተኛው ቀን ሌላ ጉባኤ ተጠራና ሴቶቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። መግለጫ ባልወጣበት፣ ጋዜጠኞች ብቻ በተቆጡበት በሁለት ቀን ወንበር ተገኘ። ይህን ዓይነት ነገር ለሙያው አደገኛ ስለሆነ ብዙ ባይወራ ይሻላል።

ወንበር ከተነሣ የዶሃው ሳይወሳ አይታለፍም። የተባበሩት መንግሥታት ስለ አፍጋኒስታን ዶሃ ላይ ሦስት ጊዜ ሰው ሰብስቧል። ለመጀመሪያው፣ በሜይ 2023፣ ታሊባን አልተጠራም። ለሁለተኛው፣ በፌብሩዋሪ 2024፣ ተጠርቶ ቅድመ ሁኔታ ደርድሮ ቀረ፤ አገሩን የምወክለው እኔ ብቻ ልሁን አለ። ኩሩ እንግዳ እንዴት ይመጣል? አስተናጋጅ ይወቅበት። ለሦስተኛው፣ ጁን 30 እና ጁላይ 1 ቀን 2024፣ ከዋናው ጠረጴዛ የአፍጋን ሴቶችና የሲቪል ማኅበራት ወንበር ተነሣ፤ አጀንዳው የግሉ ዘርፍና አደንዛዥ ዕፅ ሆነ፤ እንግዳውም መጣ። ሴቶቹስ? አልተረሱም። እንግዳው በልቶ ከተነሣ በኋላ፣ ጁላይ 2፣ ለብቻቸው ተጠርተው ተደመጡ። ይህ ለኛ ሰው ባዕድ አይደለም፤ የድግስ ቤት ሥርዓት ነው። ወጡን የሠራችው ጓዳ ቁጭ ብላ እንግዳው እጁን እስኪታጠብ ትጠብቃለች፤ ከዚያ የተረፈው ይወጣላታል። ልዩነቱ፣ እዚህ ቤት የሚበላው የሷ ጉዳይ መሆኑ ነው። ዶሃ በተበተነ ሁለት ወር ሳይሞላ ኦገስት 21 ላይ 35 አንቀጽ ያለው የምግባር ሕግ ወጣ፤ የሴት ድምፅ ራሱ አደባባይ ላይ መሰማት የሌለበት ገመና ሆነ። ቢያንስ ከእንግዲህ በስብሰባ «ለምን አላናገራችኋቸውም?» ብሎ የሚወቅስ አይኖርም።

ስም አጠራሩም ምስጋና ይገባዋል። «መንግሥት» ከተባለ እውቅና ይሆናል፤ «ወንበዴ» ከተባለ ስብሰባው ይፈርሳል። ስለዚህ «በተግባር ሥልጣን ላይ ያሉ አካላት» ተባለ። በዚህ ስም ቪዛ ይመታል፣ ማዕድን ይፈረማል፣ ስደተኛ ይመለሳል፤ እውቅና ግን አልተሰጠም። ጀርመን በሴፕቴምበር 2024 ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያና ከኔዘርላንድስ ጋር ሆና ታሊባንን በሴቶች መብት ስምምነት ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ልታቆም እንደምትነሣ አስታወቀች። አፍጋኒስታን ይህን ስምምነት በ2003 ያለ አንዳች ተዓቅቦ ተቀብላዋለችና መንገዱ ክፍት ነው፤ ብቻ መጀመሪያ ድርድር፣ ከዚያ ግልግል፣ በግልግሉ አደረጃጀት በስድስት ወር ካልተስማሙ ፍርድ ቤት። ያችው ጀርመን በጁላይ 2025 81 አፍጋናውያንን በአውሮፕላን አሳፍራ መለሰች፤ የመመለሱን ወረቀት የሚያስኬዱ ሁለት የታሊባን የቆንስላ ሠራተኞችንም ተቀበለች። ለተከሳሹ የክስ መጥሪያ የሚያደርስ ሰው ካስፈለገ እነሱም ቅርብ ናቸው።

የአውስትራሊያ ክሪኬት ቡድን ደግሞ በሴቶቹ ምክንያት ከአፍጋኒስታን ወንዶች ጋር የሁለትዮሽ ጨዋታ አልጫወትም ብሎ ሰረዘ። በዓለም ዋንጫ ሲገናኙ ግን ተጫወተ፤ እዚያ ዋንጫ አለላ።

ጁላይ 2025ን ደግሞ በአንድ ትንፋሽ ማንበብ ይሻላል። በ3ኛው ቀን ሩሲያ የታሊባንን መንግሥት በይፋ በማወቅ የመጀመሪያዋ ሆነች። በ7ኛው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሴቶቹን ጭቆና የሚያወሳ የውሳኔ ሐሳብ በ116 ድምፅ አጸደቀ። በ8ኛው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በታሊባን የበላይ መሪ ሂባቱላ አኩንድዛዳና በዋና ዳኛው አብዱል ሐኪም ሐቃኒ ላይ በጾታ ምክንያት በማሳደድ ወንጀል የእስር ማዘዣ አወጣ። ማዘዣው የምር ነው፤ በዚህ ሙያ ውስጥ የምር ነገር ሲገኝ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይደነግጣሉ። ግን ፍርድ ቤቱ ፖሊስ የለውም፤ የበላይ መሪው ደግሞ ከካንዳሃር ብዙም የሚወጡ ሰው አይደሉም።

የመግለጫው መዝጊያ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሁኔታውን በቅርበት እየተከታተልን ነው»። ክትትሉ እንዴት እንደሚካሄድ ማየት ደስ ይላል። በዲሴምበር 2024 ለሴቶች ክፍት ሆኖ የቆየው የነርስና የአዋላጅ ትምህርት ተዘጋ፤ ሴትን ወንድ ሐኪም እንዳያያት በሚከለከልባቸው አካባቢዎች ማን እንደሚያዋልዳት በቅርበት እየተከታተሉ ነው። ለክትትሉ የተሾሙት የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተር (የሰብአዊ መብት ሁኔታን መርምሮ የሚያቀርብ ባለሙያ) ሪቻርድ ቤኔት በኦገስት 2024 አገሪቱ እንዳይገቡ ተከልክለዋል፤ ስለዚህ ከውጭ ሆነው በቅርበት ይከታተላሉ። በዚያው ዲሴምበር መገባደጃ ላይ ከበላይ መሪው አንድ ትእዛዝ ወጣ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው የጎረቤት ሴቶች የሚውሉበት ወጥ ቤት፣ ግቢና የውኃ ጉድጓድ የሚታይበት መስኮት እንዳያወጣ፤ ያለውም በግንብ ወይም በሌላ መንገድ እንዲጋረድ። ሴት ወጥ ስትሠራ ማየት ለብልግና ይዳርጋል ተብሎ ነው። በዚያ ሳምንት ካቡል ውስጥ አንዱ ግንበኛ ብሎኬቱን ሲደረድር፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ያለው ጸሐፊም ያንኑ ዐረፍተ ነገር ገልብጦ ሲለጥፍ ነበር ማለት ነው፦ በቅርበት እየተከታተልን ነው።