በስንት ልጻፍልህ?

ባለፈው ወር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሉት የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች አንዱ ገብቼ የቧንቧ ዕቃ ዝርዝር ለባለሱቁ ሰጠሁት። ዕቃውን አንድ በአንድ ባንኮው ላይ ደረደረ፣ በካልኩሌተር ደመረና 1,800 ብር አለኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በስንት ልጻፍልህ?» አለ።

አልገባኝም። ቅዳሜ ነበር፤ የለበስኩት ግድግዳ ስቀባ የምለብሰውን ሱሪ ነው። ሰውየው ለደንበኛው የሚያሳየውን ደረሰኝ ዋጋ አስጨምሮ የሚያስጽፍ የቧንቧ ሠራተኛ መስዬዋለሁ። «የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ» ስለው አልደነገጠም፣ አላፈረምም። «እንግዲያው ያው 1,800 ነው» ብሎ ጻፈልኝ።

ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ፣ ባለሙያዬ በእጁ ለዚሁ ዕቃ የጻፈው ዋጋ 2,600 ብር ነበር።

ወዲያው በንዴት መደወል ይቻላል፤ እኔም ደወልኩ። ግን ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ነገሩ ከየት እንደጀመረ ልናገር። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የታች ቤቷ ጎረቤቴ አንድ ቀን ጠርታኝ የመታጠቢያ ቤቷን ጣሪያ አሳየችኝ፤ ቀለሙ አብጧል፣ ከመሐሉ ውሃ ጠብ ይላል። በዚያው ሳምንት አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አስመጣሁ። በር ላይ ቆሞ ወለሉን አየ፣ በጫማው ጫፍ ሁለት ቦታ መታ መታ አደረገና «ጋሼ፣ ይኼ ሙሉ በሙሉ መፍረስ አለበት» አለኝ። መስመሩ ይቀየራል፣ ሴራሚኩ ተነስቶ አዲስ ይነጠፋል፤ ከነዕቃው 38,000 ብር። ከዝርዝሩ ውስጥ 6 ካርቶን ሴራሚክ አለ።

በዋጋው ብቻ ብሄድ ኖሮ የምለው አልነበረኝም። 38,000 ብር ውድ ነው ርካሽ? በምን አውቃለሁ? 6 ካርቶን ግን የምችለው ሒሳብ ነው። ሜትር አወጣሁ። ወለሉ 1.60 በ1.90 ነው፤ ሦስት ካሬ ከምናምን። ባለ 60 በ60 ሴራሚክ አንዱ ካርቶን አራት ፍሬ ይይዛል፣ 1.44 ካሬ ይሸፍናል። ለተቆረጠና ለተሰበረ ብንጨምርለት እንኳ 3 ካርቶን ይበቃል። የቀሩት ሦስቱ የማን ቤት ይነጠፋሉ?

ዋጋ የማያውቅ ሰው ብዛት መቁጠር ይችላል። የሙያ ቃል ሁሉ እንግዳ ቢሆንብንም ሜትርና ማባዛት የሁላችንም ናቸው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ሞፈሩ የሚቆረጠው ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ተኝቶ ሳይሆን ሌላኛውን በር እየጠበቀ ነው። እኛ የምንጠብቀው የእጅ ዋጋን ነው። ሰው ሁሉ የሚከራከረው «ለሁለት ሰዓት ሥራ ይኼን ያህል?» እያለ ነው። ዕቃው ላይ ግን «ገበያው ነው» ሲባል አንገታችንን ነቅንቀን እንከፍላለን።

ሁለተኛው ባለሙያ ሲደወልለት መጀመሪያ የጠየቀኝ «ውሃ የሚመጣላችሁ በስንተኛው ቀን ነው?» ብሎ ነው። በእኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ቀኑን ጠብቆ መጣ። የቤቱን ቧንቧ ሁሉ አዘግቶኝ ቆጣሪው ሥር ተቀመጠ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስልኩን እየነካካ ቆጣሪውን አየ። ንቅንቅ አላለም። የሚገባው ውሃ መስመር ቢያፈስ ኖሮ ሁሉም ተዘግቶም ቆጣሪው ይዞር ነበር። ከዚያ ሁለት ባልዲ ውሃ ሻወሩ ወለል ላይ ደፋና ወደ ጎረቤቴ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ጠብታው ፈጠነ። ችግሩ ፍሳሹ ላይ ነው፤ የወለሉ ማስወረጃ ከትልቁ ቱቦ የሚገናኝበት ቦታ። የሚፈርሰው ሁለት ሴራሚክ ብቻ። የእጅ 4,000 ብር።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከ38,000 አድኖኝ ሳለ፣ ያው ልማድ ነውና፣ «ኧረ 4,000 በዛ፣ 2,500 ይሁን» አልኩት። 3,000 ላይ ተስማማን። እንደ ጀግና ተሰማኝ።

አሁን ለዚሁ ሰው ወደ ደወልኩት ስልክ ልመለስ። «ወንድሜ፣ የ1,800 ብሩን ዕቃ 2,600 ብለህ ጽፈሃል» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ከእጄ ላይ 1,000 ብር ቀነሱብኝ። ከየት ላምጣው?» አለኝ።

ማጭበርበር አይደለም ልል አልችልም፤ ነው። ነገር ግን ያን ማታ ቁጭ ብዬ የሰውየውን ሒሳብ ሠራሁት። ችግሩን ሊያይ የመጣበት ግማሽ ቀን አለ፣ ለዚያ ምንም አልከፈልኩትም። የሥራው ቀን ሙሉ ነው። ለረዳቱ 600 ብር ይሰጣል። የሚመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ ሁለት ቀን፣ ደርሶ መልስ፣ በየጉዞው ሁለት ታክሲ፣ መሣሪያውን ተሸክሞ። የመቁረጫው ዲስክ ያልቃል። 3,000 ብሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ 2,000 ገደማ ይሆናል፣ ለአንድ ቀን ተኩል። ነገ ሥራ ይኑረው አይኑረው አያውቅም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ጠብ ቢል ደግሞ የሚጠራው እሱ ነው፣ በነፃ። ያ ግማሽ ሰዓት ቆጣሪ ሥር ያሳለፈው ምንም የሠራ አይመስልም ነበር። ከሥራው ሁሉ ውዱ ግን እሱ ነው።

እጅ ላይ የምንቆርጠውን ዕቃ ላይ መልሰን እንከፍላለን፤ ባለሱቁም «በስንት ልጻፍልህ?» የሚለው ስለለመደው ነው። ይኼን ልማድ የሚያቆመው ባለሙያውን ሌባ ማለት አይመስለኝም። የእጅና የዕቃ ዋጋ ተለያይቶ እንዲቀርብ መጠየቅ፣ ዕቃውን ራስ መግዛት ወይም አብሮ ሄዶ መግዛት፣ የእጅ ዋጋው ላይ ግን ክርክሩን ቀነስ ማድረግ ነው። «ከነዕቃው ይኼን ያህል» የሚባለውን ዋጋ እኔ ከዚህ በኋላ አልቀበልም፣ የሚናገረው ሰው መልአክ ቢሆን እንኳ።

ዕቃው ላይ የሚጠራው ሁሉ ውሸት ነው ማለቴም አይደለም። «የዛሬ ዋጋ ነው፣ ለነገ አላውቅም» ሲሉን የሚያጣድፉን ይመስለናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ቫልቩም ብሬከሩም አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ጎረቤት «እኔ ያሠራሁት በዚህን ያህል ነው» ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው መቼ ነው። ቀጥሎም ከምን ዕቃ። ሁለት ዋጋ አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ካልተጠራ ማወዳደር አይቻልም።

ይህ በኤሌክትሪክ ላይ ሲሆን ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚያስከፍለው። የእንጀራ ምጣድ ለብቻው መስመር አስዘርጉ ሲባል ሁለት ሰው ይጠራል እንበል፣ አንዱ በግማሽ ዋጋ። ርካሹ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ቀጭን ገመድ ሊዘረጋ ያሰበ ሊሆን ይችላል። 3,500 ዋት የሚበላ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል፤ 1.5 ደግሞ የአምፖል ገመድ ነው። ስለዚህ ምጣድ ላይ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት የገመዱን ውፍረት እጠይቃለሁ። ቁጥሩን ለመናገር የሚያመነታ ሰው ዋጋው ስንት ቢሆን ቤቴ አይገባም።

ስለ ቀብድም አንድ ነገር። ለዕቃ ብሎ ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን የዘጋ ባለሙያ ያላጋጠመው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ ይህንን አስቦበታል፤ ቀብድ መሰጠቱ ለውሉ ማስረጃ ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ለ2,000 ብር ፍርድ ቤት የሚመላለስ የለም፣ አውቃለሁ። ግን ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል፣ የሥራው ዓይነትና ሁለት ፊርማ ሲሰፍር የሰውም አያያዝ ይለወጣል። የእኔው ባለሙያ ወረቀቱን ሳወጣ ፈገግ አለ፤ ፊርማው ከእኔ ያምራል።

ሦስት ሰው አስመጥቶ ማስገመት ጥሩ ነው ይባላል። ጥሩ ነው፣ ለእኛ። ሁለቱ ግን ግማሽ ቀናቸውን አጥተው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ ያንን ኪሳራ ቀጥሎ የሚጠራቸው ሰው ዋጋ ላይ ይጭኑታል። ለማየት ብቻ ለመጣ ባለሙያ የታክሲና የሻይ 300 ብር መስጠት ጀምሬያለሁ። ባለቤቴ ገንዘብ እንደበተንኩ ነው የምትቆጥረው። እኔ ግን ከከፈልኩት በኋላ «ይኼን እንኳ ራስዎ ማጥበቅ ይችላሉ» ብሎኝ የሄደ አንድ ሰው አለ፤ ካልከፈልኩት ሥራ ይፈጥርልኝ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

የሻወሩ ነገር እንዲህ አለቀ። 1,000 ብሩን መለስኩለት፣ 4,000 ሆነ፤ ዕቃው በራሴ ተገዛ። ሰኞ ጠዋት መጥቶ ዕቃውን ከፌስታሉ እያወጣ ደረደረና አንዱን ክርን፣ የቱቦ ማጠፊያውን፣ አንስቶ አየው። ባለ 50 ሚሊ ብሎ ጽፎልኝ ባለ 40 ገዝቻለሁ፤ ባለሱቁ «ያው ነው» ብሎኝ ነበር። ባለሙያው ምንም አላለኝም። ረዳቱን አስቀምጦ ተክለ ሃይማኖት ደርሶ ተመለሰ፤ ማታ ሒሳቡ ላይ «ለመመላለሻ 300» ብሎ ጨመረ። አልተከራከርኩም።